ስልክሽ ይበቃል፤ ዋሽንቱን አጥፊው

ጥያቄ፦

ይድረስ ለምክር ዓምዱ አዘጋጅ። የምኖረው ደሴ ነው፣ 23 ዓመቴ ነው። ግጥም እጽፋለሁ። ከአምና ጀምሮ ግጥሞቼን በስልኬ እየቀረጽኩ አጫጭር ፊልም ለመሥራት እየሞከርኩ ነው። ስልኬ ቴክኖ ነው፤ ከተገዛ ቆይቷል፣ ስክሪኑም ጥጉ ላይ ተሰንጥቋል። በቅርቡ ጅዳ ስላለው ወንድሜ ግጥም ጻፍኩና አያቴ ጥጥ ስትፈትል ቀርጬ ፊልም አደረግኩት። ስሎው ሞሽን ተጠቀምኩ፣ ዋሽንት ከሥሩ አስገባሁ፣ ግጥሙንም ላዩ ላይ ጻፍኩት። ጓደኞቼ «ያምራል» ይላሉ። ግን እስከ መጨረሻው ያየው ያለ አይመስለኝም፤ ስለ መጨረሻው የጠየቀኝ ሰው የለማ! የአጎቴ ልጅ ደግሞ «በዚህ ስልክ ምንም አይወጣም፣ መጀመሪያ አይፎን ይኑርሽ» አለኝ። ወንድሜም እልክልሻለሁ ብሏል፤ እሱ ግን የሄደበትን ዕዳ ገና አልጨረሰም። ልጠብቅ? ወይስ ችግሩ ከእኔ ነው? ፊልሙን በቴሌግራም ልኬልዎታለሁ።

ጉም ነኝ፣ ከደሴ

መልስ፦

እህቴ ጉም፣

አትጠብቂ። ወንድምሽ ዕዳውን ይክፈል። ስንጥቁ ያለው ስክሪኑ ላይ ነው፣ ሌንሱ ደህና ነው። ፊልሙን አይቻለሁ፣ ምስሉ ጥርት ያለ ነው።

ለአጎትሽ ልጅ ይህን ንገሪልኝ። «ታንጀሪን» የሚባለው የአሜሪካ ፊልም እ.ኤ.አ. በ2015 ሲኒማ ቤት የገባው በአይፎን 5ኤስ ተቀርጾ ነው። ያን ስልክ ዛሬ በነፃ ቢሰጡት እንኳ የአጎትሽ ልጅ ኪሱ ውስጥ የሚከተው አይመስለኝም። ዳይሬክተሩ ሾን ቤከር እ.ኤ.አ. በ2025 በሌላ ፊልሙ ኦስካር ወስዷል። እርግጥ ነው፣ ስልኩ ላይ የሚገጠም ተጨማሪ ሌንስ ነበራቸው፤ እንዲሁ ባዶ እጃቸውን አልወጡም። ቢሆንም ክርክሩ ለእኔ እዚህ ላይ አልቋል።

ወደ ፊልምሽ ልምጣ። ርዝመቱ 1 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ነው። መጀመሪያ የጦሳ ተራራ በጉም ተሸፍኖ ይታያል። ከዚያ ጀበና። ከዚያ የአያትሽ እጅ። ከዚያ ሻማ። ከዚያ ደግሞ ተመልሶ ጦሳ። ዋሽንቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያለቅሳል። ፊደሎቹ ከላይ እየተንሳፈፉ ይወርዳሉ። ጓደኞችሽ አልዋሹም፣ ያምራል። ግን እኔ የሰርግ ቪዲዮ ኤዲት እያደረግኩ የኖርኩ ሰው ነኝ። ለዓመታት ስንቱ ሙሽራ «ያምራል» ብሎኝ ሲዲውን ሳይከፍት ልጅ አሳድጓል።

አሁን 52ኛው ሰከንድ ላይ ሂጂ።

አያትሽ እንዝርቱን ጭናቸው ላይ አሽከርክረው ይለቁታል። ባዘቶውን የያዘው እጃቸው ወደ ላይ ይወጣል። ክሩ ይረዝማል፣ ይቀጥናል፣ ከዚያ ብጥስ ይላል። እንዝርቱ ምንጣፉ ላይ ይወድቃል። እሳቸው ምንም አይመስላቸውም። ጣታቸውን ምላሳቸው ላይ ነካ አድርገው የተበጠሰውን ጫፍ ከባዘቶው ጋር ሲያሹት ይያያዛል። ከዚያ ቀና ይላሉ። ካሜራውን አይደለም የሚያዩት፤ ከካሜራው በላይ አንቺን ነው የሚያዩት። አፋቸው ሊከፈት ሲል ቆርጠሽ ጦሳን አስገባሽበት!

እኔ ከዚያ ፊልም ውስጥ ይዤ የቀረሁት ይህችን ብቻ ነው። አንቺ ደግሞ ያደረግሽውን እይ። አዘገየሻት፣ ፊደል ደረብሽባት፣ በዋሽንት ሸፈንሻት፣ በመጨረሻም ቆረጥሻት። ኦሪጅናሉ ስልክሽ ላይ ካለ ክፈቺውና አያትሽ ምን እንዳሉ ስሚ። «ኤዲያ» ያሉ ይመስለኛል። ብለው ከሆነ የፊልምሽ ምርጥ ቃል እሱ ነው፤ ከግጥምሽም ይበልጣል፣ አትቀየሚኝ።

ስሎው ሞሽኑን በተመለከተ ሁለት ነገር ልበል። አንዱ የቴክኒክ ነው። ስልክሽ በሰከንድ 30 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ቀርጾ አንቺ በኋላ ካፕከት በሚባለው የቪዲዮ ኤዲት አፕ ላይ በግማሽ ስታዘገዪው፣ ስልኩ ያልቀረጸውን ከየት ያመጣዋል? ያለውን እየደጋገመ ይሞላዋል። ለዚያ ነው እጃቸው እየተንተባተበ የሚሄደው። ማዘግየት የግድ ከሆነ ከመጀመሪያው በ60 ፍሬም ተቀርጾ ነው። ሁለተኛው ይበልጥብኛል። ስንት ዓመት የፈተለ እጅ የራሱ ፍጥነት አለው። ክር ሲበጠስበት ሳይቸኩል፣ ሳይዘገይም ይቀጥለዋል። ያንን ፍጥነት ስትነኪው ሙያቸውን ነው የምትነኪው። ስሎው ሞሽን «ይህ ነገር ስሜት አለው» ብሎ ይጮኻል፤ ተመልካቹ ደግሞ ሲጮኹበት አይወድም።

ዋሽንቱም እንደዚያው ነው። ተመልካቹ ገና አንድ ነገር ሳያይ «እዘን» ተብሎ ታዘዘ። ቲክቶክ ላይ ደግሞ እናት፣ ስደት፣ ገጠር፣ ዝናብ፣ ሁሉም በዋሽንት ነው የሚሸኘው። መሣሪያውን ጠልቼ አይደለም፤ አጠቃቀማችን ነው ያሰለቸኝ። አጥፊውና ከሥሩ ያለውን ስሚ። ክሩ ሲሳብ አይሰማም፣ እንዝርቱ ግን ሲወድቅ ጠብ ይላል። ዶሮ አለ። ቆርቆሮው ይንቋቋል። ከውጭ የባጃጅ ድምፅ ይመጣል። ቤቱ ይኸው።

ግጥሙ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ዋናው ጉዳይ እሱ ነውና።

ግጥምሽ 12 መስመር ነው። ሁሉንም ስክሪን ላይ ጻፍሽው። ሰው ማንበብና ማየት እኩል አይሆንለትም፤ ፊደል ካለ ዓይን ወደ ፊደሉ ነው የሚሮጠው። አያትሽ ክር ሲቀጥሉ ተመልካቹ ሰባተኛው መስመር ላይ ነበር። ከዚህ የባሰው ደግሞ፣ ግጥሙ «ሻማ» ሲል ሻማ ታሳያለሽ፤ «ተራራ» ሲል ተራራ። እንዲህ ከሆነ አንዱ ትርፍ ነው። ወይ ቃሉ ይቅር ወይ ምስሉ።

ግጥምን ወደ ፊልም መውሰድ ቃላቱን መለጠፍ አይደለም። አሠራሩን ነው መውሰድ ያለብሽ። የእኛን የሕዝብ ግጥም አስቢ፤ የእንጉርጉሮውን፣ የአዝመራውን። ብዙውን ጊዜ ሁለት መስመር ነው። የመጀመሪያው ስለ ገብስ፣ ስለ ወንዝ፣ ስለ መንገድ ያወራል። ሁለተኛው ሳይታሰብ ሆድ ውስጥ ይገባል። ለምሳሌ ያህል እኔው አንድ ልግጠምልሽ፦

ዝናቡ ዘነበ መስኩ ለመለመ፣
የኔ ሆድ ብቻ ነው አዝኖ የከረመ።

ግጥሙ ተራ ነው፣ አውቃለሁ። መሃሉን ግን እይው። «ነገር ግን» የለም። «ልክ እንደዚሁ» የለም። ሁለቱን የሚያያይዛቸው ቤት መምታታቸው ብቻ ነው፤ ቀሪውን ሰሚው ይጨርሰዋል። በጣም አጭር ፊልምም በዚሁ መንገድ ይሠራል። ሁለት ሾት፣ ማለትም ሳይቆረጡ የተቀረጹ ሁለት ምስሎች፣ ይበቃል። አንደኛው ስለ አንድ ተራ ነገር፣ ሁለተኛው ልብሽ ስላለበት። እነሱም ቤት ይምቱ፤ በቅርጽ፣ በእንቅስቃሴ ወይም በድምፅ። የሚወድቅ በሚወድቅ፣ የሚበጠስ በሚበጠስ።

አሁን የሚገርመኝን ልንገርሽ። ግጥሙ ስለ ወንድምሽ ነው፤ ፊልሙ ውስጥ ግን ወንድምሽ የትም የለም። ጉም አለ፣ ሻማ አለ፣ እሱ የለም። እስቲ ልጠይቅሽ፤ ኢሞ ላይ ከአያትሽ ጋር ሲያወራ ስንት ጊዜ ይቋረጣል? ሲቋረጥስ አያትሽ ምን ያደርጋሉ? ስልኩን ያገላብጣሉ? «ሃሎ፣ ሃሎ» ይላሉ? ወይስ ዝም ብለው ይጠብቃሉ?

ሁለተኛው ሾትሽ ያ ነው። አንደኛው ክሩ ሲበጠስና ሲቀጠል። ሁለተኛው ጥሪው ሲቋረጥና እሳቸው ሲጠብቁ። ጽሑፍ አያስፈልግም። «ወንድሜ ናፈቀኝ» ማለት አያስፈልግም። ትወናም አያስፈልግም፤ መቋረጡን ኔትወርኩ ራሱ ይጨርስልሻል፣ በዚህ በኩል አገራችን ለፊልም ሠሪ የተመቸች ናት። ከ12ቱ መስመር ሁለቱን በጣም ከወደድሻቸው መጨረሻ ላይ ጥቁር ስክሪን ላይ አድርጊያቸው። ጮክ ብለሽ ሁለት ጊዜ እስክታነቢያቸው ድረስ ይቆዩ።

በድምፄ ላንብበው ካልሽም ይቻላል፤ ግን እንደ ግጥም ምሽት አታንብቢው። ያ የሚንቀጠቀጥ፣ መጨረሻው የሚጎተት አነባበብ ለመድረክ ነው። ለጆሮ ሲሆን ለአንድ ሰው እንደምታወሪ ሆነሽ ነው። ጋቢ ተከናንበሽ ቅጂው፤ ክፍሉ አያስተጋባም። ታናናሾችሽ ይስቁብሻል፣ ቻይው።

«ሁለት ሾት ብቻ? ይህ ፊልም ነው?» ትይኝ ይሆናል። ሲኒማ ሲጀመር ከዚህም ያነሰ ነበር። የሉሚየር ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1895 ፓሪስ ላይ ያሳዩዋቸው ፊልሞች እያንዳንዳቸው ወደ 50 ሰከንድ ናቸው። ምክንያቱ የጥበብ ምርጫ አልነበረም፤ ካሜራው የሚይዘው ጥቅል 17 ሜትር ያህል ብቻ ስለነበረ ነው። ካሜራው ይተከላል፣ በእጅ ይዘወራል፣ ያልቃል። መቶኛ ዓመቱ ሲከበር ደግሞ 40 ያህል ዳይሬክተሮች ያንኑ ካሜራ ተሰጣቸው። ደንቡም ይህ ነበር፦ 52 ሰከንድ፣ ከሦስት ሙከራ ያልበለጠ፣ ከምስሉ ጋር የተቀዳ ድምፅ የሌለው። ኢራናዊው አባስ ኪያሮስታሚ ምን ሠራ መሰለሽ? መጥበሻ ላይ እንቁላል ሲጠበስ አሳየ። ከላዩ ላይ የስልክ መልእክት ይሰማል፤ የሚደውል ሰው አለ፣ የሚያነሳ የለም። በቃ። ያንን ካየሁ በኋላ እንቁላል በጠበስኩ ቁጥር ስልኬን አያለሁ።

አሁን ወደ ቀረጻው። አንቺ ልታስተካክዪው የሚገባ ትልቁ ነገር ክሩ ነው። አይታይም! ነጭ ክር፣ ከጀርባው ነጭ ነጠላ፣ ከሱ ጀርባ ነጭ ግድግዳ። አያትሽን በሩ አጠገብ አስቀምጫቸው፤ ብርሃኑ ከጎን፣ ትንሽም ከኋላ ይምጣ። ከጀርባቸው ያለው ጨለማ ይሁን፤ የጓዳው በር ቢከፈት ይበቃል። ያኔ ክሩ ራሱ ያበራል። ሰዓቱ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት፣ ወይም ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ይሁን። እኩለ ቀን ላይ የሚመጣው ብርሃን ዓይን ሥር ጥላ ያጠራቅማል፤ አያትሽ በማይገባቸው ሁኔታ የታመሙ ይመስላሉ።

ስልክ ግን ጨለማ ሲያይ ይደናገጣል። «ጨልሟል» ብሎ ሁሉንም ያበራዋል፤ ክሩም ነጠላውም ተቃጥሎ አንድ ነጭ ነገር ይሆናል። ስለዚህ ከመቅረጽሽ በፊት ስክሪኑ ላይ እጃቸው ያለበትን ቦታ በጣትሽ ተጭነሽ ያዢ፤ እስኪቆለፍ ድረስ። ከጎኑ የፀሐይ ምልክት ይመጣል፤ ወደ ታች ሳቢው። ከዚህ በኋላ ትኩረቱም ብርሃኑም አይዋዥቅም። ጦሳን ስትቀርጪ ምስሉ መሃል ላይ በራ፣ ጠፋ፣ በራ ያደረገው ይህ ስላልተቆለፈ ነው። በጣም ቀጭን ክር ላይ ስልኩ አያተኩርልሽም፤ እጃቸው ላይ ቆልፊው፣ ክሩ አብሮ ይመጣል።

ዙም አትንኪ። መቅረብ ከፈለግሽ ተነሽና ቅረቢ። ክርንሽን ጎድንሽ ላይ ለጥፈሽ ግድግዳ ተደገፊ፣ ወይም ስልኩን የበርበሬ ጣሳ ላይ አስደግፊው። ሌንሱን በነጠላሽ ጫፍ ጥረጊ፤ ግማሹ «የስልኬ ጥራት» የሚባል ችግር የጣት ቅባት ነው። ኤርፕሌን ሞድ አድርጊው፤ ቀረጻ መሃል ስልክ ከተደወለ አያትሽ «ማነው?» ይላሉ፣ ያ ሾት ሄደ ማለት ነው። ጥራቱን 1080 ላይ ተዪው። በዚያ አንድ ደቂቃ ወደ 130 ሜጋባይት ይወስዳል፤ ከዚያ ከፍ ወዳለው ፎርኬ ካደረግሽው ስልክሽ ከመጀመሪያው ክር በፊት ይሞላል።

አግድም ወይስ ቁም? የአጎትሽ ልጅ «ፊልም አግድም ነው» እንደሚል አልጠራጠርም። እኔ ለዚህ ፊልም ቁም እመርጣለሁ። ክሩ ከላይ ወደ ታች ነው የሚወርደው፤ ሙሉውን የሚይዘው የቆመ ፍሬም ነው። ብቻ ከመቅረጽሽ በፊት ወስኚ፤ በኋላ ስትቆርጪው ወይ እንዝርቱ ወይ ፊታቸው ይቀራል።

ሁለተኛውን ሾት ማታ በአምፖል የምትቀርጪ ከሆነ አንድ ጣጣ አለ። የእኛ መብራት 50 ኸርትዝ ነው፤ ስልክሽ በ30 ፍሬም ሲቀርጽ አንዳንዱ አምፖል ስክሪኑ ላይ የሚንከባለል ጥላ ያመጣል። ሴቲንግ ውስጥ 50 ኸርትዝ የሚል ምርጫ ካለ እሱን አድርጊ። ከሌለ «ኦፕን ካሜራ» የሚባለውን ነፃ አፕ አውርደሽ፣ ስልክሽ ከፈቀደለት፣ ፍሬሙን በሰከንድ 25፣ ሹተሩን (እያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ) 1/50 ሰከንድ አድርጊው። ይህም እምቢ ካለ ቀን ላይ ደውሉ፣ ነገሩ ያልቃል። ጥሪው በእናትሽ ወይም በሌላ ሰው ስልክ ይሁን፣ በአንቺ ስልክ ቅረጪ። የጥሪውን ስልክ ስክሪን ብርሃን ቀንሺው፤ አለበለዚያ የሚታየው ነጭ አራት ማዕዘን ነው።

ከቀረጽሽ በኋላ ወዲያው አትነሺ። ማንም ሳይናገር የቤቱን ድምፅ አንድ ደቂቃ ያህል ቅጂ። ሁለቱን ሾት ስታገናኚ ድምፁ ቁርጥ ቁርጥ እንዳይል ከሥር ታነጥፊዋለሽ። አንድ ደግሞ የምወዳት ዘዴ አለች። የሁለተኛውን ሾት ድምፅ ካፕከት ላይ ከምስሉ ለይተሽ ከምስሉ ትንሽ ቀድሞ እንዲጀምር ሳቢው። አያትሽ ገና ክሩን እያያያዙ የኢሞ ጥሪ መጮህ ይጀምራል። ተመልካቹ «ማነው የሚደውለው?» ሲል ምስሉ ይቀየራል። ቤት መምታት ያልኩሽ በጆሮም ይመጣል።

አንድ ቁም ነገር ልጨምር። አያትሽ ቀና ብለው ያዩሽ አንቺን ስለሚወዱሽ ነው፤ ሁለት ሺህ ሰው ያየኛል ብለው አይደለም። መጀመሪያ ለእሳቸው አሳያቸው። «ይህን ሰው ሁሉ ቢያየው ደስ ይልዎታል?» በያቸው፣ ወይም እናንተ ቤት እንደምትነጋገሩት። አይሆንም ካሉ አይሆንም። የወንድምሽም ስምና ፎቶ ጥሪው ላይ ይወጣል፤ እሱንም አስፈቅጂው። ያለበትን አገርና ሁኔታ የሚያውቀው እሱ ነው።

ሲያልቅ ካፕከት መጨረሻው ላይ የሚለጥፈውን የራሱን ምልክት አጥፊ፤ ያን ሁሉ ደክመሽ የመጨረሻው ምስል ማስታወቂያ እንዳይሆን። ለእኔ ስትልኪ ደግሞ በቴሌግራም እንደ ቪዲዮ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኪው፤ እንደ ቪዲዮ ሲሄድ ይጨመቅና ክሩ ይጠፋል። ወደ ውጭ መላክ ካማረሽ ፓሪስ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ በስልክ ለተሠሩ የአንድ ደቂቃ ፊልሞች ብቻ የተቋቋመ ፌስቲቫል አለ፤ በርሊን ውስጥም እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ «ዜብራ» የሚባል የግጥም ፊልሞች ፌስቲቫል አለ። ሁለቱም የየራሳቸው ደንብ ስላላቸው ከመላክሽ በፊት አንብቢው፤ በተለይ አግድምና ቁም የሚለውን።

ወንድምሽ ደግሞ «አንድ ነገር ካልላክሁ» ብሎ ካስቸገረሽ ልብስ ላይ የምትሰካ ትንሽ ማይክ ይላክልሽ። ዋጋዋ ከአይፎን ጋር አይወዳደርም። አያትሽ «ኤዲያ» ሲሉም ጥርት ብሎ ይሰማል።